የድካም ቁጥር

«ሸክላው ቧንቧውን ያንቀዋል እያልኩሽ ነው። ስናወርደውም ያንቀዋል፣ ስናወጣውም ያንቀዋል። እያበጠ ነው። ዛሬ ቢለቀን ነገ አይለቀንም።»

«ሰማሁ አልኩህ እኮ።»

«ብትሰሚማ ይኼን ስዕል ይዘሽ አትከራከሪኝም ነበር።»

የቁፋሮው አለቃ በሩ ላይ ቆሟል። እግሩ ስር እህቱ ሁልጊዜ የምታነጥፍለት ካርቶን አለ፤ ቡትስ ጫማው ጭቃ ስለሆነ ከካርቶኑ አልፎ አይገባም። እሷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ በእርሳስ ጫፍ ስክሪኑ ላይ ያለውን አንድ ጥቁር መስመር ትነካካለች። ከላይ እስከ ታች በተደረደሩት ግራጫ ሰረዞች መካከል ያ መስመር ብቻ ደምቆ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል።

«ይኸውልህ፣ እግርህ ስር ነው። አፍንጫው ስር ደርሰህ ልትመለስ ነው?»

«አፍንጫው ስር መድረሴን በምን አወቅሽ? ሰኞም እግርህ ስር ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ሰኞ ትንሽ ቀርቶህ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ትንሽ ናት።»

«ትንሽ ትንሽ እያልሽ ልትጨርሺኝ ነው።»

ከደጃፉ ውጭ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጦ ሻዩን የሚያበርደው የአለቃው ረዳት ሳቀ። ሠራተኛው ሁሉ «ሬዲዮ» ነው የሚለው፤ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ እንኳ ያወራል ይባላል።

«ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት» አለ። «ላም አለኝ ከመሬት በታች ግን እዚህ መጥቼ ነው የሰማሁት።»

«አንተ ሻይህን ጠጣ» አለው አለቃው።

«እየጠጣሁ ነው። ጨው ጨው ይላል።»

እውነቱን ነው። የከተማው ጉድጓዶች ሁሉ ጨው እየሆኑ ነበር። መጀመሪያ ውሃው ለመጠጥ እምቢ አለ፣ ቀጥሎ ሳሙና አላረፋ አለ፣ አሁን ከብቶቹም አሽትተውት ይመለሳሉ። የውሃ ቁፋሮ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች የመጡት ከጨዋማው ውሃ በታች፣ ከወፍራሙ ሸክላ ስር፣ ንጹህ ውሃ ያዘለ ድንጋይ ይኖር እንደሆነ ለመፈለግ ነው። እሷም አለ ብላለች።

ወንድምና እህት መሆናቸውን የማያውቅ አልነበረም። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱ ያልረገፈ ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን አርባ ዓመት ሞልቶት፣ ፂሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበትም፣ ስትዘናጋ «ማሙሽ» ትለዋለች። አንድ ቀን በሠራተኞቹ ፊት አምልጧት፣ ሬዲዮ መፍቻ ባቀበለው ቁጥር «እንካ ማሙሽዬ» እያለ ሲያበግነው ከርሟል።

አለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ጉድጓዱ ውስጥ ያወረድነው ጆሮስ? እሱ ምን አለ?»

«ገና አላየሁትም።»

«ካወረድነው ስንት ጊዜው።»

«አየዋለሁ አልኩህ። እሱ ለማረጋገጫ ነው እንጂ አዲስ ነገር አይነግረንም። ስዕሉ አለልህ አይደል?»

ወንድሟ ካርቶኑን አየ፣ ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል የቆመውን ማሽን አየ። ከዚያ የራስ ቁሩን አነሳ።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለና ወጣ።

ልጅ ሆኖም እንዲህ ነበር የሚለው። ትምህርት ቤት ስትሰደው፣ መድኃኒት ስታውጠው፣ ሚስት ስትመርጥለት እንኳ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብሎ ነበር።

ጆሮ የሚሉት መሬት ላይ የሚተከል፣ ጭብጥ የሚያህል መሣሪያ ነው። ከባድ ብረት የተሸከመ መኪና ብረቱን መሬት ላይ ይጥለዋል። ድምፁ ወደ ታች ይወርድና አንዱ ንብርብር አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ቦታ ሁሉ ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል፤ በረድፍ የተተከሉት ጆሮዎች ይሰሙታል። ይኼን ማንም ይረዳዋል። የሚያስቸግረው፣ መሬት የላኩባትን ሁሉ የማትመልስ መሆኗ ነው። ሞገዱ በወረደ ቁጥር ትበላዋለች፤ ስትበላ ደግሞ መርጣ ነው፣ ከቀጭኑና ከስለታሙ ድምፅ ትጀምራለች። ጎረቤት ሙዚቃ ሲከፍት ግድግዳውን አልፎ የሚመጣው የከበሮው ጉምጉምታ ብቻ እንደሆነው ሁሉ፣ ከጥልቅ የሚመለሰውም ደክሞ፣ ደንዝዞ ነው የሚደርሰው።

የተንታኝ ሥራ፣ የእህቲቱ ሥራ ማለት ነው፣ መሬት የበላችውን መመለስ ነው። አፈሩ ምን ያህል እንደሚበላ በቁጥር ታወጣለች፤ ሠራተኞቹ የድካም ቁጥር ይሉታል። ከዚያ በዚያው ልክ ከጥልቅ የመጣውን ሁሉ ታጎላዋለች፣ የደነዘዘውን ትስለዋለች። ቁጥሩ ልክ ከሆነ የተደበቀው ይወጣል።

እሷ ቁጥሩን ያገኘችው ከላይ፣ ጆሮዎቹ ከተተከሉበት ከደረቁ የወንዝ አሸዋ ነበር። ያንኑ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ለሁሉም ሰጠችው። ዕድሜዋን በሠራችበት ሌላ ሜዳ መሬቱ እስከ ታች አንድ ዓይነት ስለነበር አንድ ቁጥር አሳፍሯት አያውቅም። ሳይታረም በፊት ስዕሉ ላይ ከሸክላው በታች ግራጫ ብናኝ ብቻ ነበር። ስታርመው ጥቁሩ መስመር ወጣ። የመሥሪያ ቤቱ የአካባቢው ኃላፊ ተጠርቶ መጣና አየው፤ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየው። በትልቁ ታትሞ ለከተማው የውሃ ኮሚቴ ተሰጠ፤ ኮሚቴውም የሚሰበሰብበት ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው እየመጡ ያሳዩ ነበር፦ ያቺ ጥቁሯ፣ እሷ ናት ውሃችን።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ሆና የማሽኑ ድምፅ ሲለወጥ ሰማች። ማሽኑ በደህና ሲሠራ ጆሮዋ ለምዶት አይሰማውም። አሁን መጀመሪያ አጓራ፣ ቀጥሎ እንደ ታመመ ሰው አቃሰተ። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ተመታና የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ሲረጋ፣ ያለ ሥራ የሚዞር የሞተር ድምፅ ብቻ ቀረ።

ሬዲዮ መጣ። ካርቶኑን ሳያይ ጭቃውን ይዞ ወለሉ መካከል ድረስ ገባ። አፉን ከፈተና ምንም ሳይል ዘጋው። ሬዲዮ ዝም ሲል እሷ ተነሳች።

ሸክላው ቧንቧውን የያዘው ሌሊቱን ነበር። ጠዋት ሲደርሱ አልነቃነቅ አለ። ዘይት አፈሰሱበት፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሊያላውሱት ሞከሩ። በመጨረሻ አለቃው ራሱ መሪውን ይዞ ሽቅብ ሲጎትተው ከጥልቁ ተበጠሰ። መሰርሰሪያውና አብዛኛው ቧንቧ እታች ቀረ። መሥሪያ ቤቱ ሌላ ቧንቧ አልነበረውም።

ስትደርስ ወንድሟ የማሽኑ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጓንቱን ሊያወልቅ ይታገላል። የመዳፉ ቆዳ ተልጦ ከጓንቱ ጋር ተጣብቋል። አጠገቡ ተቀመጠችና በቀስታ ከጣቱ ጀምራ አወለቀችለት።

«ማታውኑ ማውጣት ነበረብኝ» አለ። «እጄ ላይ ተሰምቶኝ ነበር። ለጠዋት ይደርሳል ብዬ ተውኩት።»

«ውረድ ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«ውረድ አልሽ። አያያዙ የኔ ነው።»

በማግስቱ ሠራተኛ ሁሉ የተበጠሰውን ብረት ለማየት ሲሰበሰብ እሷ ወደ ማሽኑ መሄድ ፈራች። ቢሮዋን ዘግታ ተቀመጠች፤ ዝም ብሎ መቀመጥም ስላስፈራት ያንን ያቆየችውን ሥራ ከፈተች። ከጥቂት ጊዜ በፊት ቁፋሮው ለጥገና ቆሞ ሳለ አንድ ጆሮ በገመድ ጉድጓዱ ውስጥ አውርደው፣ ከላይ ብረት እየጣሉ፣ በየደረጃው ድምፁን ቀድተው ነበር። ሞገዱ ሲወርድ የት ቦታ ምን ያህል እንደተበላ በቀጥታ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

የድምፁን ጥንካሬ ከላይ ጀምራ በየደረጃው ነጥብ አድርጋ አስቀመጠችው። በአሸዋው ውስጥ ነጥቦቹ እንደ ወደቀ ድንጋይ ወረዱ። አሸዋው አልቆ ሸክላው ሲጀምር ግን መውረዳቸው ቆመ። ከዚያ በታች እስከ ተቀዳው መጨረሻ ድረስ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሁሉ ቀጥ ብለው ሄዱ። ሸክላው ምንም አይበላም ነበር ማለት ይቻላል። መሬት የበላችው ሁሉ እላይ፣ እግራቸው ስር፣ በአሸዋው ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ማጉላቷን አሸዋው ሲያልቅ ማቆም ነበረባት። እሷ ግን በጥልቀቱ ልክ ቀጥላለች፤ ያልተበላውን መልሳለች፤ ያልደከመውን ደግፋለች።

ለየንብርብሩ የየራሱን ቁጥር ሰጥታ ስዕሉን እንደገና አሠራችው። ኮምፒውተሩ እስኪጨርስ መስኮቱ ጋ ቆመች። ስትመለስ ጥቁሩ መስመር የለም። በቦታው ግራጫ ብናኝ አለ፤ ብናኙ ውስጥ አተኩሮ ለሚያይ አንድ ሐመር ጭረት ይታያል። ጭረቱን ተከታተለችው። ከጥልቅ የመጣ አልነበረም። ከአሸዋው ወለል የተመለሰው ድምፅ በአሸዋው ውስጥ ላይ ታች ሲመላለስ ቆይቶ፣ ሁሉም ካበቃ በኋላ ዘግይቶ የደረሰ ነበር። ከቅርብ የመጣውን ከሩቅ የመጣ ነው ብላ አጉልታዋለች፤ ሰውም በዚያ ላይ ተስፋ ጥሏል።

ሌላ መንገድ ሞከረች። ሌላም ሞከረች። ደጋግማ መሞከሯ አዲሱ ስዕል እንዲሳሳትላት ፈልጋ መሆኑን ስታውቅ ተወችው።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ጡረታው የተቃረበ፣ ደም ብዛት ያለበት፣ ሰው ሲያዝን አብሮ የሚያዝን ሰው ነው። ሁለቱን ስዕሎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግታለት እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«ይኼኛው ባዶ ነው» አለ።

«አዎ፣ ባዶ ነው።»

«መቼ ሠራሽው?»

«ዛሬ።»

«ቧንቧው ከተበጠሰ በኋላ።»

«አዎ።»

«ወንድምሽ መታገዱን ከሰማሽ በኋላ።»

ቀና ብላ አየችው። «ታገደ እንዴ?»

«ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደወለ። አለማወቅሽ ነው?» አለና ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንግዲህ።»

«አልሰማሁም። ቁጥሩን ከጉድጓዱ ነው ያወጣሁት፤ ከራሴ አይደለም። ይመልከቱት እስቲ፣ ይኸው ነጥቦቹ።»

«እሺ፣ አልሰማሽም።» ለልጅ እንደሚሉት አድርጎ አላት። «እኔ አምንሻለሁ እንበል። ዋናው መሥሪያ ቤት ምን ይላል? ባለፈው ውሃ አለ ያለችው ራሷ ናት፤ አሁን ወንድሟ ሲታገድ የለም ትላለች። ነገ ወንድሟን ብንመልሰው ምን ልትል ነው?»

«ሌላ ተንታኝ ይየው።»

«ሌላ ተንታኝ ከየት ይምጣ? ያለችን አንቺው ብቻ ነሽ።»

ስዕሎቹን ሰበሰበች። ጫፋቸው አልገጥም ብሎ ደጋግማ ጠረጴዛው ላይ መታቻቸው።

«ለኮሚቴው ልንገራቸው» አለች።

«ንገሪያቸው። አልከለክልሽም። ግን እህቴ፣ ለሱም ላንቺም የሚበጅ አይመስለኝም።»

ኮሚቴው የሚሰበሰበው በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች የልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሯ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የከተማውን ግማሽ በእጃቸው ተቀብለዋልና ሁሉም እማማ ይላቸዋል። ጥቁሩ መስመር ያለበት ስዕል ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ተሰቅሏል። አዲሱን ከሥሩ አስደግፋ አቆመችው።

በሚገባቸው ቋንቋ ነገረቻቸው። ስለ ጎረቤት ሙዚቃ፣ ስለ አሸዋው፣ አንድ ቁጥር ለሁሉም መስጠቷን፣ ጉድጓዱ ውስጥ የወረደውን ጆሮ ሳታይ ወንድሟን ውረድ ማለቷን። ማንም አላቋረጣትም።

አንድ ባለሱቅ እጁን አወጣ። «ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው?»

«የታችኛው።»

«የታችኛው ላይ ምንም የለም እኮ።»

«አዎ። ምንም የለም።»

ሰዎቹ ከታችኛው ወደ ላይኛው አዩ፤ ዓይናቸው እዚያው ቀረ።

እማማ ተነስተው ክንዷን ያዙ። «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ወንድምሽን ከእሳት ለማውጣት ነው አይደል? እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን አደርገው ነበር።»

«ለሱ ብዬ አይደለም፣ እማማ።»

«ይሁን፣ ይሁን።»

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» አለ አንዱ ከኋላ። ጥቂቶች ሳቁ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም እንባቸውን ጠረጉ።

ባለሱቁ ወደ ኃላፊው ዞረ። «ሌላ ማሽን መቼ ይመጣል? እዚያው ጎን ቢቆፈር አይሻልም? ይኼኛው አለቃ ሳይደርስ ነው የቀረው ይባላል።»

«እንጠይቃለን» አለ ኃላፊው መሬት መሬት እያየ።

«አትቆፍሩ» አለች። «እዚያ ብትቆፍሩ ሸክላ ነው፤ ከሸክላው ቀጥሎም ሸክላ ነው። ውሃ የለም።»

እማማ ክንዷን አልለቀቁም። «የለም አትበይ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ሌላውን ሁሉ በይ። የለም ተብሎ እንዴት ይታደራል?»

ወንድሟ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እሷ በምትኖርበት ግቢ ውስጥ፣ ከእሷ በር ትይዩ ነው የሚኖረው። ስትገባ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እሱ በጨርቅ በተጠቀለለ እጁ የበሩን ማጠፊያ ሊያጠብቅ ይሞክራል፤ ቤት ሲውል እንዲህ ነው፣ ያልተበላሸ ይጠግናል። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ቡሎን ታቀብላለች።

«ተናገርሽ አሉ» አለ ሳይዞር።

«ማን ነገረህ?»

«ሬዲዮ ነዋ። ሌላ ማን አለ? አንቺ ሳትጨርሺ እሱ እዚህ ደርሶ ነበር።»

«እንግዲያ ሰምተሃል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። የምትደርስበት ነገር አልነበረም። ስዕሉ ስህተት ነው።»

መፍቻውን ደፉ ላይ አስቀመጠና ዞረ። ፊቱ የተቆጣ ሳይሆን የደከመ ነበር።

«ያ ትልቁ ሳህን የተሰበረ ጊዜ ትዝ ይልሻል? አባባ ማን ነው ሲል እኔ ነኝ አልሽ። የጎረቤት መስታወት የሰበርኩ ጊዜስ? እኔ ነኝ አልሽ። ተገረፍሽልኝ። አልጋ ስር ተደብቄ ስትገረፊ እሰማ ነበር።»

«ይኼ ሌላ ነው።»

«አንድ ነው። ስትዋሺልኝ ፊትሽ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ልክ እንዲህ። አርባ ዓመቴ ነው እትዬ። የሰበርኩትን ልሸከመው ተዪኝ።»

«አልዋሸሁም። ና፣ ቢሮ ሄደን በዓይንህ እየው። ነጥቦቹን አንድ በአንድ አሳይሃለሁ።»

«ነጥብ ምን አውቃለሁ? ዕድሜዬን ሙሉ መቼ ነጥብ አይቼ አውቃለሁ? አንቺን ነው የማየው።»

«እኔ ነኝ የምልህ እኮ። ተሳስቻለሁ።»

ሚስቱ ቡሎኖቹን በእፍኟ ይዛ አንዴ እሱን አንዴ እሷን ታያለች። «እትዬ እንደዚህ ካለች እኮ...» አለች።

«አንቺ ዝም በይ።» ወደ ሚስቱ ሳያይ ነው ያላት። ከዚያ ለእህቱ፣ ድምፁን አሳንሶ፦ «ስሚኝ። ውሃው አለ፤ እኔ ነኝ ያልደረስኩት። ይኼን እችለዋለሁ። ይከብዳል ግን እችለዋለሁ። ነገ ሌላ ሰው ይደርስበታል፤ ያ ሰካራም ትንሽ ቀርቶት ነበር ይባላል...»

«ማን ሰካራም አለህ?»

«ይባላል፤ ምን ቸገረኝ። ግን እዚያ ታች ምንም ከሌለ፣ እነዚያን ሰዎች በጭቃ ያንቦጫረቅኳቸው፣ ማሽኑን የገደልኩት፣ ለምንም ከሆነ፣ እሱን አልችለውም። አንቺም ተሳስተሽ ከሆነ እኔ ከዚህ ወዲያ በማን ቃል ነው መሬት የምበሳው? ተዪኝ በቃ። ውለታ ነው፣ ተዪኝ።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» እንዲላት ስትጠብቅ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። አላለም። መፍቻውን አንስቶ ወደ ማጠፊያው ዞረ፤ የተጠቀለለው እጁ አልጨብጥ ስላለው ሚስቱ ተቀበለችው።

ከዚያ ወዲህ ከተማው አከበራት። ከሁሉም የከበዳት ይኼ ነበር። መንገድ ላይ የማታውቃቸው ሰዎች ቆመው ሰላም ይሏታል። አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ ቲማቲሙን መርጣ ትሰጣትና «ወንድም ያላት ሁሉ እንዳንቺ ትሁን» ትላታለች። ውሃ የለም ባለች ቁጥር አንገታቸውን በሐዘን ይነቀንቃሉ፤ ዘወር ሲሉ ስለ አዲሱ ማሽን ያወራሉ። ለዋናው መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ስዕሎች ከማብራሪያ ጋር ላከች። የደወለላት ሰው በጣም ጨዋ ነበር። ድካም እንዳለባት ይገባናል፣ የቤተሰብ ነገር ከባድ ነው፣ ጥቂት ቀን እረፍት ብትወስድ አላት። እረፍት እንደማያስፈልጋት ነገረችው። እሱም እንዲህ የሚሉ ሰዎች ናቸው በጣም የሚያስፈልጋቸው አላት።

ኃላፊው ሁለተኛ ማሽን ጠይቆ ተፈቀደለት። የሚቆፈረው ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጥቂት ፈንጠር ብሎ፣ ጥቁሩ መስመር ይበልጥ በደመቀበት ላይ ነው። ፈቃዱን ራሱ አምጥቶ አሳያት፤ እንድትደሰት የፈለገ ይመስል ነበር።

«እዚያ ጋ የደመቀው አሸዋው ስለሚወፍር ነው» አለችው። «አሸዋው በወፈረ ቁጥር ስህተቱም አብሮ ይወፍራል።»

«እሺ» አለ። «እሺ፣ ተረጋጊ።»

ወንድሟ ሩቅ አገር ለድልድይ መሠረት የሚሰረስር ድርጅት ውስጥ ሥራ አገኘ። አለቃ ሆኖ አይደለም፤ ቧንቧ ገጣጣሚ ሆኖ ነው። ቤተሰቡን ሲደላደል ሊወስድ ተስማሙ። በእነዚያ ቀናት እሷና እሱ ግቢው ውስጥ ሲተላለፉ ስለ ጣሪያው ቀዳዳ፣ ስለ ልጁ ጉንፋን ያወራሉ። ማታ ማታ በሩ ሥር የመብራቱን ጭረት ታያለች። ልታንኳኳ ሦስት አራቴ ተነስታ ተመልሳ ተቀምጣለች። ምን ልትለው? እንደገና ብትነግረው እንደገና ልታድነው ነው። ዝም ብትል ውሸቱን ልታጸድቅ ነው። ከሁለት አንዱን መምረጥ አልቻለችም፤ ቀኖቹም እሷን ሳይጠብቁ አለቁ።

የሚሄድበት ጠዋት የውሃ ቦቴው የሚመጣበት ቀን ነበር። ጥሩንባው ከመንገዱ ጫፍ ሲሰማ ከየግቢው ጄሪካን የያዘ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። የወንድሟ ሚስት ፀጉሯን በሻሽ እያሰረች ከቤት ወጣች።

«እትዬ፣ ሩጪና ወረፋ ያዢልን» አለች። «እኔ ቢጫዎቹን ይዤ እመጣለሁ።»

ሄደች። ቦቴው በትልቅ ቧንቧ ወደ ሰፈሩ ሮቶ ሲገለብጥ ሰዉ ከሮቶው ቧንቧ ፊት ተኮለኮለ። ከፊቷ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሁለት ጄሪካን በአንድ ሰው ቦታ ደርድራለች። የወንድሟ ሚስት ቢጫዎቹን እያንቋቋች ደረሰችና ገና ሳታስቀምጣቸው ጀመረች።

«ይኼ የማን ነው? ሁለተኛው የማን ነው?»

«የእህቴ ነው።»

«እህትሽ የት አለች?»

«ትመጣለች።»

«ስትመጣ ከኋላ ትሰለፍ። እኛም እህት አለን፤ ይኸው ቆማለች።»

«ለባልሽ ያልሆነውን ምላስ ለኔ ታመጪዋለሽ።»

«ባሌን ምን አገባሽ? ጄሪካንሽን አንሺ ነው ያልኩሽ።»

ሌሎችም ገቡበት፤ ግማሹ ከዚች ግማሹ ከዚያች ወግኖ። አንድ ሽማግሌ ተዉ እንጂ፣ ለውሃ ነው እንዲህ የምትሆኑት አሉ። ለውሃ ያልሆንን ለምን እንሁን አባባ፣ አለች አንዷ፤ ሳቅ ሆነ፤ ሳቁ መሐል ወፍራሟ ሴትዮ ሁለተኛውን ጄሪካን በእግሯ ወደ ኋላ ገፋችው።

ሮቶው ሞላ። የቦቴው ሹፌር ቧንቧውን ጠቅልሎ ሰቀለ። ከግቢው በር አንድ ቦርሳ የያዘ፣ የራስ ቁሩን በቦርሳው ማንገቻ ያሰረ ሰው ወጥቶ በቦቴው ወዲያኛው ጎን ዞረ። ሹፌሩ ከውስጥ በሩን ከፈተለት። ሰውየው ቦርሳውን መጀመሪያ አስገባ፣ ከዚያ ራሱ ተሳፈረ፣ በሩም ተዘጋ።

እሷ ጎንበስ ብላ የጄሪካኑን አፍ ከሮቶው ቧንቧ ጋር ታስተካክላለች። ውሃው መጀመሪያ ተንፈቀፈቀ፣ ቀጥሎ ቀጭን ሆኖ ወረደ። ቦቴው የኋላ መብራቱን አብርቶ በቀስታ ተነቃነቀ፤ የተሰቀለው ቧንቧ ጫፍ አቧራው ላይ እያንጠባጠበ እስከ መታጠፊያው ሄደ።

«እትዬ፣ እየፈሰሰ ነው» አለች የወንድሟ ሚስት። «ከፍ አድርጊው።»

ከፍ አደረገችው።